አባዬ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገበት ዕለት

ይህን ነገር ከቤታችን ውጭ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አባዬ ቢሰማ «አለፈ አይደል እንዴ? ምን ያነካካሻል?» ማለቱ አይቀርም። እሱ አለፈ ይበል እንጂ እኔ በየቀኑ የማየው ሌላ ነው። ስለዚህ ሳላስፈቅደው ልጽፈው ነው፤ አንብቦ ከተቆጣኝም ይቆጣኝ፣ ምን ይደረጋል።

ስሜ ሀያት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ፋርማሲስት ለመሆን ነው የምማረው። የምንኖረው ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብላ ባለች በረንዳዋ የዘመመ ቤት ነው። አባዬ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እማዬ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታውን ሺፍት ስለምትሠራ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። በር ላይ ተላልፈው «ድስቱ ምድጃ ላይ ነው» ከመባባል በቀር ሥራ ቀን ሲያወሩ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። «ተዪው» ባይ ነበርኩ። ላይብረሪው በር ላይ ከፊቴ ያለው ሁሉ ዝም ተብሎ ሲያልፍ እኔ ብቻ መታወቂያ ስጠየቅ፣ «ተዪው፣ ሥራው ነው» እላለሁ። የላብራቶሪ ረዳት መምህራችን «እንግሊዝኛሽ እንዴት ጥሩ ነው!» ብሎ ሲያደንቀኝ፣ እዚሁ አገር ፊደል ከቆጠረ ሰው ጋር እንደሚያወራ ሳልነግረው አመስግኜ አልፋለሁ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያዘው። የሕንጻውን ኮሪደር አቋርጬ ስሄድ «ጠፋብሽ እንዴ? ማንን ፈልገሽ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም፤ በዚያ ኮሪደር ሁለተኛ ዓመቴን መመላለሴ ነው እንግዲህ። የመስጊድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይናደዳሉ። እኔ ደግሞ «አታካብዱ» እላቸዋለሁ። ለየብቻው ሲታይ በእርግጥም የሚያስቅ ነገር ነበር፤ እኔም አስመስዬ እያሳየኋቸው ነበር የማስቃቸው።

የላብራቶሪ ጓደኛዬ ኬትሊን ትባላለች። ክፉ ልጅ ናት ብዬ ብነግራችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ማስቲካ ታካፍለኛለች፤ ስለ ውሻዋ ስታወራ አትጠግብም። ግን እኔ የለካሁትን ሁሉ ደግማ ትለካዋለች። እሷ የለካችውን እኔ ደግሜ ለክቼ አላውቅም። «ጥንቁቅ ናት» ነበር የምለው። ተዪው።

ረመዳን ገባ። ሐሙስ ሐሙስ የላብራቶሪ ክፍላችን ከሰዓት ተጀምሮ የሚያልቀው ከመግሪብ በኋላ ስለሆነ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት እዚያው ነው የሚደርስብኝ። ቴምር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ብሄድ ይበቃኝ ነበር። አባዬ ግን «ሙሉ ቀን የጾመች ልጅ በቴምር ብቻ? አይሆንም» አለ። ከሥራ ገብቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ፣ እማዬ ሠርታ የሄደችውን ሾርባና ሳምቡሳ ይዞልኝ ይመጣል። መኪናውን ከሕንጻው ፊት ለፊት አቁሞ፣ ለማፍጠር ስልኬን ይዤ በምወጣበት ሰዓት ሲደውልልኝ ወርጄ እቀበለዋለሁ።

አባዬ አንድ ነገር ሲያሽግ ታሽጓል። ሾርባውን በፔርሙዝ ያደርጋል፤ ፔርሙዙን እንዳይቀዘቅዝ በእማዬ አረንጓዴ ፎጣ ይጠቀልለዋል፤ ፎጣው እንዳይፈታ ደግሞ በዌርሃውሱ ቡናማ ቴፕ ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። ሳምቡሳውን በፎይል ጠቅልሎ ከጎኑ ያስረዋል። «አባዬ፣ ሾርባ እኮ ነው፤ አላስካ ልትልከው ነው?» እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱም ይስቃል። የቴፑን ጫፍ ግን ሁልጊዜ በትንሹ አጥፎ ይተዋል፤ የሚከፍተው ሰው በጥፍሩ ሲፈልግ እንዳይቸገር።

ያን ሐሙስ ቀደም ብሎ ደረሰ። ሲደውልልኝ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ላብራቶሪ ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ስላላነሳሁለት ወደ ሕንጻው ገባ። ደረጃውን ወጥቶ ክፍላችንን አገኘና በበሩ መስታወት አየኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ነጭ ጋዎን ለብሼ፣ አቀርቅሬ ስሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በልጅነቱ ደረሳ ነበር። ደረሳ ማለት ከቤተሰቡ ርቆ፣ ሸኽ ዘንድ ተቀምጦ ቁርአንና ኪታብ የሚቀራ ተማሪ ነው። የሚያበሏቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ታዲያ፣ ልጁ እየቀራ ካገኘው አይጠራውም። ከደጃፉ አኑሮለት፣ ኮቴውን ሳያሰማ ይመለሳል። አባዬ ይህን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። የበላው እንጀራ ሁሉ እንዲያ ባለ ሰው የመጣ ነው።

እናም ልጁን እየተማረች አገኛት። ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ በኋላ እንደነገረኝ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ጥቅሉን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወጣ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ኬትሊን ስልኳን ይዛ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ ፊቷ ነጭ ሆኖ መመለሷን ብቻ ነው። ለረዳት መምህሩ ጆሮው ላይ አንሾካሾከችለት። በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከተና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ስልክ ሲያወራ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ቦርሳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀጠቀጡ ጀመር። የሁላችንም ስልክ ነው።

«ዕቃችሁን ተዉት!» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «በኋለኛው በር! አሁኑኑ!»

ስልኬን ብቻ መዝዤ ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ አንዷ ልጅ ታለቅሳለች። ውጭ ስንወጣ ብርዱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ካፖርታችን ሁሉ ውስጥ ቀርቷል። የፖሊስ መኪናዎች መንገዱን ዘግተው ቢጫ ሪባን ይዘረጋሉ። የዚያን ጊዜ ነው መልእክቱን ያነበብኩት። ከዩኒቨርሲቲው የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሕንጻው ውስጥ አጠራጣሪ ጥቅል ተገኝቷል፤ ጥቅሉን ትቶ የሄደው ወንድ፣ ጥቁር፣ ጺማም፣ ረጅም ጥቁር ካፖርትና ኮፍያ ያደረገ ነው፤ ካያችሁት አትቅረቡት፣ ለፖሊስ ደውሉ ይላል።

ፈራሁ። እንዴት እንደፈራሁ ልንገራችሁ? ዜና ላይ የምናየው ነገር እኔ ላይ ደረሰ አልኩ። እማዬን ዳግመኛ ላላያት ነው አልኩ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያልኩ ዓይኔ ያን ጺማም ሰውዬ ይፈልጋል። ከዛፎቹ ሥር ሰው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። መንገድ ማዶ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ሰው ሲያልፍ ከአንዲት ልጅ ኋላ ተደብቄያለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ልብ ያልኩት ነገር ግን፣ በዙሪያዬ ሰው አልነበረም። ከብርዱ የተነሳ ሁሉም ተጠጋግቶ ቆሟል፤ እኔ ዘንድ ግን ባዶ ነው። አንድ ስሙን የማላውቀው የክፍላችን ልጅ ሂጃቤን እያየ፣ «ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«እኔ? ከየት አውቀዋለሁ?»

«አይ፣ ምናልባት ከመስጊድ ምናምን ብዬ ነው።»

«አላውቀውም!» አልኩት በቁጣ። አላህ ያሳያችሁ፣ ከልቤ ነበር።

ኬትሊን ትንሽ ራቅ ብላ ለተሰበሰቡት ታወራለች። «አይቼዋለሁ» ትላለች። «በሩ ላይ ቆሞ በመስታወቱ ያየን ነበር። ለረጅም ጊዜ። ፈገግ ይል ነበር እኮ! ከዚያ ያን ነገር አስቀመጠና በእግሩ ጣት እየተራመደ ሄደ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ተመልከቱ።»

ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ፊት ደረሰ።

አረንጓዴ ፎጣ። ቡናማ ቴፕ፣ ዙሪያውን የተጠመጠመ። ከጎኑ በፎይል የተጠቀለለ ነገር። የቴፑ ጫፍ በትንሹ ታጥፏል።

መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ጥቁር። ጺማም። ረጅም ጥቁር ካፖርት። ያን ካፖርት ከሳልቫጅ መደብር የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ «ይረዝማል» ሲለኝ «ያሞቅሃል፣ ውሰደው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስሸሸው የነበረው ሰው አባዬ ነው።

ደወልኩለት። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ስልኩን መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶ የመተው አመል አለው። አባዬ አንሳ። እባክህ አንሳ። ቤትህ ሂድ፣ ወደዚህ አትመለስ። ደግሜ ደወልኩ።

«ኬትሊን» አልኳት ቀርቤ። «ጥቅሉ የኔ ነው። ሾርባ ነው። አባቴ ነው ያመጣልኝ።»

አየችኝ። የምታምነኝ መስሎኝ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «ሀያት፣ በዚህ አይቀለድም» አለችኝ።

ለፖሊስ ከመናገር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ብናገር እኔንም ይይዙኛል፤ ባልናገር አባዬን ሲያገኙት ምን ያደርጉታል? ሪባኑ አጠገብ ወደቆመው ወጣት ፖሊስ ሄድኩ፤ ጆሮው ከብርዱ ቀልቷል። እጆቼ ባዶ መሆናቸው እንዲታየው ከፍ አድርጌ ነበር የተራመድኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ እንዲያው መጣልኝ።

«ጌታዬ፣ ያ ጥቅል ምግብ ነው። የጾም መፍቻ ነው። አባቴ ነው ያስቀመጠው።»

«ምን አልሽ?» ፊቱ ተለወጠ። «ስምሽ ማነው? ከቆምሽበት እንዳትንቀሳቀሺ።» በሬዲዮው ማውራት ጀመረ፤ «አንዲት ሴት ጥቅሉን አውቀዋለሁ እያለች ነው...»

በትከሻው ላይ አሻግሬ ስመለከት አባዬን አየሁት።

ከመንገዱ ጫፍ እየመጣ ነበር፤ ፈጠን ፈጠን ብሎ፣ ካፖርቱ ከኋላው እየተውለበለበ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ሲይዘው እጁን ኪሱ ሲከት ቴምሩን አገኘው። ረስቶታል። ልጁ ደግሞ በቴምር ካልሆነ በምን ታፈጥራለች? መኪናውን አዞረ። መንገዱ ሲዘጋበት ራቅ ብሎ አቆመና በእግሩ መጣ። ፖሊሶቹን ሲያይ አልሸሸም፤ የሚሸሽበት ምክንያትም አልነበረውም። ልጁ ያለችበት ሕንጻ ሲከበብ ምን ተፈጠረ ብሎ ሊጠይቅ፣ ሸበት ያለ ትልቅ ፖሊስ ወደቆመበት በቀጥታ ሄደ።

«ቁም! እዚያው ቁም!»

አባዬ ቆመ። ፈገግ አለ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ይህን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ለኢማሙም፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ግሮሰሪ ሒሳብ ለምትቀበለው ልጅም የሚሰጠው ሰላምታ ነው። የዚያ ትልቅ ፖሊስ ዓይን ያየው ግን ሌላ ነው፤ የተባለው ሰውዬ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ሲከት። ሽጉጡን ሲመዝ አየሁት። ሌላ ፖሊስ ደግሞ ከመኪናው በር ኋላ ሆኖ መዘዘ።

«እጅህን! እጅህን አሳይ!»

አባዬ ደነገጠ። እንግሊዝኛው ጠፍቶት አይደለም፤ የተባለው ይገባዋል። ግን ሰውነቱ የሚያውቀው ሌላ ነው። እሱ ባደገበት አገር የተቆጣ ባለሥልጣን ፊት ሰው ዝቅ ይላል፤ እጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይለማመጣል። ፖሊሱ በጮኸ ቁጥር አባዬ ይበልጥ ጎነበሰ። እጁ ከደረቱ ጋር የተሰፋ ይመስል አልላቀቅ አለ። ጣቶቹ በካፖርቱ መግቢያ ገብተው ተደብቀዋል። «ሰር፣ ማይ ዶተር፣ ሰር» ይላል። ፖሊሱ ይጮኻል፤ እሱ ይጎነበሳል።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ እጅህን! እጅህን!»

በማያውቁት ቋንቋ መጮኼ ነገሩን አባሰው። ወጣቱ ፖሊስ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ሌሎቹ ፖሊሶች ወደ እኔ ዞሩ። አባዬ ድምፄን ሰምቶ ቀና ብሎ ይፈልገኝ ጀመር፤ እጁ ግን እዚያው ነው። «አንሳ» ብዬው ነበር? «አውጣ» ብዬው ነበር? አላስታውስም። አውጣ ብለው ኖሮ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወጣ ነበር፤ አባዬን አውቀዋለሁ። እጁን ሳያስብ የሚያንቀሳቅስለት አንድ ቃል ፈለግሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«አባዬ፣ ዱዓ! ዱዓ አድርግ!»

ሁለቱም እጆቹ ከፍ አሉ። መዳፎቹ ተዘርግተው፣ ባዶ፣ ከፊቱ ከፍ ብለው ቆሙ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ለጸሎት እንዳደረገው።

ከዚያ ትልቁ ፖሊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደሱ። እዚያው ይሁን። ተንበርከክ» አለው።

አባዬ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። እጆቹን ወደ ኋላ አዙረው ካቴና አገቡለት። ኮፍያው ወደቀ፤ ማንም አላነሳለትም። ሲፈትሹት ከውስጥ ኪሱ ትንሽ ፌስታል ወጣ። ፖሊሱ ወደ ብርሃን አድርጎ አየውና መኪናው ኮፈን ላይ ወረወረው። ቴምር ነው።

ብዙ ከተጨቃጨቅሁ በኋላ ከአባዬ ትንሽ ራቅ ብዬ እንድቆም ፈቀዱልኝ። አለቅሳለሁ። እሱ አያለቅስም፤ ወደ ሰማዩ ነው የሚያየው። ፀሐይዋ ከመኪና ማቆሚያው ፎቅ ኋላ ገብታለች።

«ሀያት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰዓቱ ደርሷል። አፍጥሪ።»

«አንተስ?»

«እኔ እጄ ታስሯል» አለና ሊስቅ ሞከረ። «አንቺ አፍጥሪ ልጄ፣ አታቆዪው።»

ቴምሩ ኮፈኑ ላይ ነው። «አንድ ፍሬ ብቻ ልስጠው?» ብዬ ትልቁን ፖሊስ ጠየቅሁት። «ማንም ምንም አይነካም» አለኝ። ወጣቱ ፖሊስ መሬት መሬት አየ። እኔም አላፈጠርኩም። አባዬ ደግሞ ደጋግሞ በዓይኑ ይለምነኛል።

ፈንጂ የሚመረምሩት ሰዎች ገብተው እስኪወጡ ጨለመ። ፎጣው ተቀዷል፤ ፔርሙዙ ክዳን የለውም። ሾርባው ኮሪደሩ ላይ ፈሷል አሉ። ካቴናውን ፈቱለት። ትልቁ ፖሊስ ኮፍያውን ከመሬት አንስቶ አራገፈና ሰጠው። «ለሁሉም ሰው ደኅንነት ነው፤ እንደምትረዱን ተስፋ አለኝ» አለ።

«ቴንክ ዩ፣ ሰር» አለ አባዬ። ቀኝ እጁ ወደ ደረቱ መሄድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጁን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ አወረደው።

ከሪባኑ ማዶ ኬትሊን ካፖርቴንና ቦርሳዬን ይዛልኝ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። «ሀያት፣ ይቅርታ፤ አባትሽ መሆኑን ባውቅ ኖሮ...»

«የኔ አባት ባይሆንስ?» አልኳት።

ካፖርቴንና ቦርሳዬን ተቀብያት ወደ አባዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ መልእክት ገባ። ሕንጻው ደኅና መሆኑ ተረጋግጧል፤ አጠራጣሪ ነገር አይታችሁ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን ይላል።

መኪና ውስጥ ገብተን አባዬ ፌስታሉን ከፈተና መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራሱ ቴምር አወጣ። «ቢስሚላህ» ብለን በላን። መኪናውን አስነሥቶ ብሮድ ስትሪት ደረስን። ከዚያ እንደማፈር ብሎ፣ «ቴፑን አበዛሁት መሰለኝ» አለኝ። ስንት ጊዜ ያሾፍኩበት ቴፕ! ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። አባዬ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዘግቶታል። ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ ሲያነጋግረኝ አንዲት ደግ ሴትዮ ለስላሳ መሐረብ አቀበለችኝና ሁሉም ሰው መመሪያውን እንደተከተለ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው፤ መመሪያውን ያልተከተለ አልነበረም። እኔ ራሴ መመሪያው ፍሪው ያለኝን ሰው ፈርቼዋለሁ። አሁንም የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ጥቁር፣ ጺማም፣ ካፖርት የለበሰ ተብሎ ሲነገረኝ እኔ፣ የዚያ ሰው ልጅ፣ ከሰው ኋላ ተደበቅሁ። እኔን እንዲህ ካደረገኝ ሽጉጥ የያዘውን ምን ያደርገው ነበር?

«ተዪው» ማለት ትቻለሁ። በሩ ላይ እኔን ብቻ መታወቂያ ሲጠይቁኝ ከፊቴ ያለፉትን ለምን እንዳልጠየቋቸው እጠይቃለሁ። ኬትሊን የለካሁትን ልትለካ ስትል «የአንቺንም እኔ ልለካው» አልኳት፤ እሷም ትለካለች፣ እኔም እለካለሁ። ስጠይቅ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ጀግና ሆንኩ እያልኳችሁ አይደለም። ያ ሁሉ ትንንሽ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ስላየሁ ነው። እናንተም ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው እየሳቁ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯችሁ፣ አብራችሁ ከመሳቃችሁ በፊት እስቲ ጠይቋቸው።

አባዬ ግን ሌላ ሆኗል። የቀሩትን የረመዳን ሐሙሶች ምግቤን ያመጣልኝ ነበር፤ ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ያለ ፎጣ፣ ያለ ቴፕ። ሾርባው እኔ ዘንድ ሲደርስ በርዶ ነበር። ሕንጻው ውስጥ ዳግመኛ አልገባም። መስጊድ ውስጥ የድሮ ወዳጁ ጋሼ ሰይድ እንደ ጥንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ሲሉት፣ እሱ እጁን ዘርግቶ ይጨብጣቸዋል። «ምነው ይመር፣ ሰላምታ ቆጠብክብን?» ብለው ቢቀልዱበት ሳቅ ብሎ አለፈ።

ባለፈው ሐሙስ ከክፍል ስወጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ደረጃው ላይ ተማሪ ሞልቷል። በድንገት መጣብኝና፣ እዚያው ሁሉም እያየኝ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩለት። ፊቱ በራ። ቀኝ እጁ ከመሪው ላይ ሲነሳ በመስታወቱ አየሁት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እጁ ወደ መሪው ተመለሰ።

ገባሁ። «ትምህርት እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ደኅና ነው አባዬ።»

እስከ ቤታችን ድረስ ስለ ብርዱ፣ ስለ እማዬ ሺፍት አወራን። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም እንኳ ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ፣ ከውጭ ሰው በሚያያቸው ቦታ ነበሩ።